የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሆድ ስር ተኳሽ ከነበሩ አዛውንት ጋር ስሠራ ያየሁት

ይሄን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ ሆም ኬር (ሰው ቤት ገብቶ አረጋዊ መንከባከብ) ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ነው፣ በተለይ የድሮ ወታደር ቤት ለምትገቡ። አብዛኞቻችን የምንመደብበትን ሰው የምናውቀው ከኬር ፕላኑ ላይ ነው፣ ስኳር አለበት፣ ግፊት አለበት፣ በዎከር ነው የሚሄደው፣ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት ነው፣ በቃ። ሰውየው በሃያ ዓመቱ ምን ሲሠራ እንደነበር ግን የትም አልተጻፈም፣ ማታ ማታ የሚያስቸግረን ነገር መልሱ ብዙ ጊዜ እዛ ነው ያለው። እኔ የሠራሁላቸው ሽማግሌ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 በሚባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ የቦል ተሬት ተኳሽ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፣ በልቤ ጋሼ ስለምላቸው እዚህም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። አሁን አርፈዋል። ከዛ ጦርነት የቀሩት መቶ ዓመት አካባቢ የሆናቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ግን የኮሪያም የቬትናምም ወታደር ቤት ብትገቡ የማወራው ነገር ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ቦል ተሬት ማለት ከአውሮፕላኑ ሆድ ስር የሚንጠለጠል ክብ የብረትና የመስታወት የመትረየስ ቤት ነው፣ የነደፈው ስፔሪ የሚባለው ድርጅት ነው። ስፋቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። እዛ ውስጥ አንድ ሰው፣ ሁለት 50 ካሊበር ብራውኒንግ መትረየስ፣ ማነጣጠሪያው፣ የኦክስጅን ቱቦው፣ ሁሉም ይገባል። ስለዚ አውሮፕላኑ ላይ ካሉት አስር ሰዎች ብዙ ጊዜ አጭር የሆነው ነው እዛ የሚገባው፣ ጋሼም አጭር ነበሩ። ተኳሹ በጀርባው ጋደም ይላል፣ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይሰበሰባል፣ እግሮቹ ፊት ለፊት ካለችው ክብ መስታወት ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ማየት የሚችለው በእግሮቹ መሀል ነው። እጆቹ ከፊቱ ከፍ ብለው ሁለት እጀታ ይይዛሉ፣ በነሱ ነው ቤቱን የሚያዞረው፣ እጀታው ጫፍ ላይ ያለችው ቁልፍ ትተኩሳለች፣ በግራ እግሩ የማነጣጠሪያውን ፔዳል ይረግጣል። መትረየሶቹ በጆሮው አጠገብ ነው የሚያልፉት። ዙሪያውን ሙሉ ይዞራል፣ ቀጥ ብሎ ወደ መሬትም ይደፋል። ጋሼ ይሄን ሁሉ ያስረዱኝ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው በእጅ በእግራቸው እያሳዩ ነው፣ ግራ እግራቸው ምንጣፉ ላይ የሌለችውን ፔዳል ሲረግጥ አያለሁ።

አሁን ዋናው ነገር በሩ ነው፣ ሌላውን ብትረሱት እንኳ ይቺን ያዙልኝ። በሩ ከተኳሹ ጀርባ ነው ያለው። መትረየሶቹ ቀጥ ብለው ወደ ታች ሲያዩ ብቻ ነው በሩ ከአውሮፕላኑ ውስጥ ጋር የሚገጥመው። ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረው ከሆነ በሩን ብትከፍተው ውጪው ሰማይ ነው። ስለዚ ለመውጣት መጀመሪያ ማዞር አለ፣ ለማዞር ደሞ ኃይል ያስፈልጋል። ኃይሉ በጥይት ከተቋረጠ ላይ ያሉት ጓደኞቹ መጥተው በእጅ በማኖቬላ ነው የሚያዞሩለት። እነሱ ቆስለው ቢሆንስ፣ ዘለው ወጥተው ቢሆንስ? ፓራሹት ደሞ እዛ ውስጥ ቦታ የለውም፣ አብዛኞቹ ላይ አውሮፕላኑ ውስጥ ነው የሚተዉት። እና አውሮፕላኑ እየተቃጠለ እያለ ሰውየው ቤቱን አዙሮ፣ በሩን ከፍቶ፣ ተጎትቶ ወጥቶ፣ ፓራሹቱን ፈልጎ፣ ታጥቆ፣ ከዛ ነው መዝለያው በር ጋ የሚደርሰው፣ ሌላው ሰው ያን ጊዜ ሩቅ ሄዷል።

ቢ-17 መሬት ላይ ቆሞ እንኳ በቦሉና በመሬቱ መሀል ያለው ክፍተት ግማሽ ሜትር አይሞላም። ለዛ ነው ሲነሱና ሲያርፉ ማንም እዛ ውስጥ የማይቀመጠው፣ አየር ላይ ከወጡ በኋላ ነው የሚገቡት፣ ከማረፋቸው በፊት ይወጣሉ። ጎማው እምቢ ብሎ በሆዱ የሚያርፍ ከሆነ ቦሉን ከነመትረየሱ ፈትተው የሚጥሉበት ዘዴ ነበራቸው። ተኳሹ ውስጥ ተቆልፎበት አውሮፕላኑ በሆዱ አረፈ የሚል ታሪክ በየጦር ሰፈሩ ይወራ ነበር፣ ጋሼ በዓይኔ አላየሁም ይላሉ፣ ግን ሌሊት ሌሊት የሚያስቡት እሱን ነበር።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። እንግሊዝ አገር የነበረው 8ኛው የአየር ጦር ማን የት ሲቀመጥ እንደሚቆስል አጥንቶ ነበር፣ እና የቦል ተሬት ተኳሽ በፍንጥርጣሪና በጥይት ከሚመቱት ውስጥ ዝቅተኛው አካባቢ ነው የተገኘው፣ መሀል ላይ መስኮት ጋ ቆመው የሚተኩሱት ከሱ በጣም ይበልጣሉ። ምክንያቱም ተሰብስቦ ስለሚተኛ ለጥይት የሚያጋልጠው አካል ትንሽ ነው። እኔ ይሄን ሳውቅ ገርሞኝ ለጋሼ ነገርኳቸው፣ "ልክ ነው፣ ግን እነሱ በር ነበራቸው" አሉኝ። በኔ አስተያየት ጉዳዩ ይሄው ነው፣ የመመታት ነገር አይደለም፣ በራስህ መውጣት ያለመቻል ነገር ነው፣ እና ሰባ ዓመት አልፎም የማይለቀው እሱ ነው።

ወደ ሥራችን ልመለስ። ጋሼ የጀርባ ኤምአርአይ ታዘዘላቸው፣ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተኝተው የሚነሱት ምርመራ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ቦታ ሄደው አልገባም ብለው ተመልሰዋል፣ ወረቀታቸው ላይ "አልተባበሩም" ተብሎ ሰፍሯል፣ ልጃቸው (እሷ ራሷ አያት ናት) አባቴ ግትር ነው ብላ ትታዋለች። በሌላ ቦታ ስንሄድ ቴክኒሻኑ ወጣት ልጅ ነው፣ እንደተለመደው ያቺን የምትጨመቅ ኳስ ሰጣቸውና ካስጨነቀዎት ይጫኗት እኔ እመጣለሁ አላቸው። ጋሼ ኳሷን አገላብጠው አይተው "መብራት ከጠፋስ?" አሉት። ጄኔሬተር አለን አለ። "እሱም ከጠፋ?" ልጁ ሳቅ አለ። ወደ ጎን ወስጄ ሰውየው ምን እንደነበሩ ባጭሩ ነገርኩት፣ እግዜር ይስጠው ወዲያው ገባው። ተመልሶ መጣና አልጋው ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚለቀቅበትን ቦታ አሳያቸው፣ ባዶውን አልጋ ወደ ውስጥ ገፋና ጎትተው ያውጡት አላቸው። ጎተቱት፣ ወጣ። እንደገና አሉ፣ ገፋላቸው፣ እንደገና ጎተቱት። ከዛ "እኔ ውስጥ ስሆን ማነው የሚጎትተው?" አሉ። እኔ ነኛ! ሰውነትሽ ውስጥ ብረት አለ ወይ የሚለውን ጥያቄ ሁሉ ሞልቼ፣ ሰዓትና ጌጥ አውልቄ፣ እግራቸው ጋ ቆሜ ቁርጭምጭሚታቸውን እንደያዝኩ ምርመራው አለቀ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒትም አላስፈለገም።

ስለዚ እናንተም እንዲህ ያለ ሰው ስትይዙ ኤምአርአይ ይሁን፣ ሊፍት ይሁን፣ የሻወር ቤት በር ይሁን፣ ስለ መግባቱ ከማውራታችሁ በፊት ስለ መውጣቱ አውሩ። እንዴት እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚከፍተው፣ ያ ሰው የት እንደሚቆም። አይዞዎት ምንም አይሆንም የሚለው ቃል አይሠራም፣ እሳቸው ምንም አይሆንም የተባሉበትን ጊዜ ያውቁታላ።

የአልጋ ብረቱም ነገር እንደዛው ነው። ጋሼ አንዴ ከአልጋ ወደቁና የሚመለከተው ቢሮ ግራና ቀኝ የሚቆም ብረት አስገጠመላቸው፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት በብረቱ ላይ ተንጠላጥለው ሊወጡ ሲሉ ነው የምናገኛቸው፣ ያውም ከቀድሞው በባሰ ከፍታ። የአልጋ ብረት ራሱ ሽማግሌ እንደሚያጣብቅ፣ ለሞትም እንዳደረሰ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ሐኪም ሳያየው የሚገጠም ነገር አይደለም። ለነርሷ ነግረን ብረቱ ተነሳ፣ አልጋው ዝቅ ተደረገ፣ መሬት ላይ ወፍራም ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት ተደረገ፣ በሩ ክፍት ያድራል። ሌሊቱ ተረጋጋ።

ጫማቸውንም ልንገራችሁ፣ ሁለቱን ጫማ በክሩ አንድ ላይ ቋጥረው አልጋው እግር ላይ ነው የሚያስቀምጡት። እኔ ቦታው አይደለም ብዬ ቁምሳጥን ውስጥ ላስገባ ስል ልጅየዋ ተይው አለችኝ። ምክንያቱን በኋላ ነው የሰማሁት፣ የበረራ ቡት ፓራሹቱ ሲከፈት ከእግር ይወልቃል፣ እና ጀርመን አገር በረዶ ላይ በካልሲ እንዳይቀሩ የእግር ጫማቸውን አስረው ይዘው ነበር የሚበሩት። ተኳሾቹ መጀመሪያ 25 በረራ ከጨረሱ ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር፣ በኋላ 30፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ደሞ 35 ሆነ። ጋሼ 35ቱን የጨረሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1943 ሽዋይንፈርት የሚባለውን ከተማ ለመደብደብ ከሄዱት አውሮፕላኖች 60 በአንድ ቀን አልተመለሱም፣ እያንዳንዱ ላይ አስር ሰው ነው እንግዲህ። ጫማ ብታስሩም አይፈረድባችሁም።

ማውራት የማይፈልጉ ከሆነ ስለራሳቸው አትጠይቋቸው፣ ስለ ሌላ ሰው ጠይቋቸው፣ ለኔ የሠራልኝ ይሄ ነው። ጋሼ ስለራሳቸው አንድ ቃል የማያወጡበት ቀን ስለ ሜይናርድ ስሚዝ ከተነሳ አያቆሙም። እሱም የቦል ተሬት ተኳሽ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1943 ፈረንሳይ አገር ሳን ናዜር ሄደው ሲመለሱ አውሮፕላኑ ተመቶ ተቃጠለ፣ የሱ ቤት ኃይል ተቋረጠበት፣ እንደምንም ወጥቶ ሲያይ አውሮፕላኑ ውስጡ እሳት ነው፣ ሦስቱ ዘለዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እሳት ሲያጠፋ፣ የቆሰለውን ሲረዳ፣ በመሀል ደሞ ሲተኩስ ቆየ፣ ማጥፊያው ሲያልቅበት ሽንቱን ሁሉ ሸንቶበታል። ትልቁን የክብር ሜዳይ የጦር ሚኒስትሩ ራሳቸው ሊሸልሙት ሲመጡ ግን ልጁ የለም፣ ሲፈለግ በቅጣት ወጥ ቤት ተልኮ ተገኘ። ጋሼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁሌ ይስቃሉ።

አለን ማጊ የሚባለውም አለ፣ እሱ እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1943 እዛው ሳን ናዜር ላይ ነው። ቦሉ ተመታ፣ ወጣ፣ ፓራሹቱን ሲያይ ተቦጫጭቋል። ያለ ፓራሹት ከ6,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደቀ፣ የባቡር ጣቢያ የመስታወት ጣሪያ ሰብሮ ገባና ተረፈ፣ ጀርመኖች ማርከው አከሙት፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ኖሯል። ይሄንን ለቤተሰብ ብትነግሩ ውሸት ይመስላቸዋል፣ ግን የተመዘገበ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ብርዱ ነው። እዛ ከፍታ ላይ ከዜሮ በታች 40 እና ከዛም የወረደ ነው። የሚለብሱት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ነበር፣ ግን የመጀመሪያዎቹ ሽቦ እንደ ገና ዛፍ መብራት ነው፣ አንዱ ጋ ከተበጠሰ ሁሉም ይጠፋል፣ ጓንቱ ከጠፋ ጫማውም ይጠፋል። 8ኛው የአየር ጦር በጀመረበት የመጀመሪያ ዓመት ገደማ ከበረራ በብርድ ጉዳት የወጣው ሰው በጠላት ተኩስ ቆስሎ ከወጣው ይበልጥ ነበር። ክፍት መስኮት ጋ የቆሙት ናቸው የባሰባቸው፣ ቦሉ ዝግ ነው ቢባልም እግር ሳይንቀሳቀስ ለሰዓታት ታጥፎ ነው የሚቆየው፣ ሽንት ቤትም የለም፣ ልብስ ውስጥ ከወጣ ደሞ እዛው ይበርዳል።

የጋሼ የእግር ጣቶች ኅዳር ሲገባ ነጭ፣ ከዛ ወይን ጠጅ ይሆናሉ፣ ጥፍራቸው ወፍራምና የተጣመመ ነው፣ ሁለቱ ጣቶች ሲነኩ አይሰማቸውም። ያረጀ የብርድ ጉዳት እንደዚህ ነው፣ ሰውየው ሲያረጅ ተመልሶ ይመጣል። እና እባካችሁ፣ እግሬ በረደኝ ሲሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርቅ ወይ የሞቀ ውሃ ያለበት ላስቲክ እግራቸው ላይ አታድርጉ። ስሜት የሌለው ቆዳ ሲቃጠል ሰውየው አያውቅም፣ ጠዋት ካልሲ ስታወልቁ ነው የምታዩት። ደረቅ የሱፍ ካልሲ፣ ክፍሉን ማሞቅ፣ የመታጠቢያውን ውሃ በእናንተ ክርን መሞከር፣ ማታ ማታ በጣቶቹ መሀል እያዩ ማድረቅ። ጥቁር ነገር፣ ቁስል፣ ወይ የድሮ ጠባሳ ላይ የማይድን እብጠት ካያችሁ ለነርስ ዛሬውኑ፣ ነገ አትበሉ።

ኦክስጅንም እንደዛው። እዛ ላይ ማስኩ በትንፋሽ እርጥበት በረዶ ይሠራና ይዘጋል፣ እና የኦክስጅን ማነስ ክፋቱ ሰውየው ደስ እያለው ነው ራሱን የሚስተው፣ ምንም አይሰማውም። ለዛ ነው በኢንተርኮም በየጥቂት ደቂቃው ሁሉንም ቦታ በየተራ የሚጠሩት፣ ቦል ተሬት ሲባል አለሁ ካላለ አንድ ሰው ይሄዳል ማለት ነው። ጋሼ በመጨረሻ ላይ ለሳንባቸው የአፍንጫ ቱቦ ሲደረግላቸው ሁሉም አሻፈረኝ ይላሉ ብሎ ፈርቶ ነበር፣ ኧረ እንደውም! ከኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ የጠርሙሱን ቁጥር ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ነው የሚፈልጉት። እኔም ወጥ ቤት ሆኜ በየመሀሉ "ቦል ተሬት!" እላለሁ፣ ከክፍላቸው "አለሁ" ይሉኛል። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ድምፃቸው ደከም ሲል የማውቀው በሱ ነበር።

ጆሯቸውን ብዙም አላወራም፣ አራት ሞተርና ሁለት መትረየስ ጆሮ ስር ከነበረ ውጤቱ ግልጽ ነው። ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ ሳትጮሁ፣ ቀስ ብላችሁ አውሩ፣ ከኋላ መጥታችሁ ትከሻ አትንኩ። ማዳመጫ መሣሪያ የተመዘገበ ወታደር ከቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) በነፃ ያገኛል፣ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከኪሱ የሚያወጣ ቤተሰብ አይቻለሁና ጠይቁ።

አንድ ከባድ ነገር ደሞ አለ። ቦምቡ ሲወርድ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያየው የቦል ተሬቱ ሰው ነው። አንዳንድ ማታ ጋሼ "አየሁት እኮ" ብቻ ይላሉ። እኛ ደሞ አውሮፕላንን የምናውቀው ከታች ሆነን ነው፣ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ጃንሆይ ራሳቸው ከተማው ውስጥ ነበሩ፣ አያቴ ያን ቀን ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ የሮጡበትን እያወሩ ነው ያሳደጉን። እና ለጋሼ ጦርነት ነው ምን ያደርጋሉ ማለትም አልቻልኩም፣ መፍረድም አልሆነልኝም። ዝም ብዬ ሻይ አፍልቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ማጽናኛ መፈለግ የናንተ ሥራ አይደለም፣ ግን ነገሩ ራስን ወደ መጉዳት የሚያመራ ወሬ ከሆነ 988 ደውላችሁ 1ን ተጫኑ፣ የወታደሮች መስመር ነው፣ ቤተሰብም ተንከባካቢም መደወል ይችላል።

አሁን ወረቀቱ፣ ገንዘብ ያለበት ስለሆነ። የብርድ ጉዳት፣ የጆሮ ጉዳት፣ ቅዠትና ጭንቀት ቪኤ ካሳ የሚከፍልባቸው ናቸው፣ ቤት ውስጥ እንደኛ ያለ ሰው ለሚያስፈልገው አረጋዊ ወታደርም ተጨማሪ ድጎማ አለ። ችግሩ ማስረጃው ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ ያለው የወታደር መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች ፋይል 80 በመቶ ገደማ ጠፍቷል። የአየር ኃይል ራሱን የቻለው እ.ኤ.አ. በ1947 ስለሆነ የዛ ጦርነት በራሪዎች በሙሉ በምድር ጦር ስር ነው የተመዘገቡት። ስለዚ ፋይሉ የለም የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ቤተሰቡ በቃ ብሎ ይተወዋል፣ አትተዉት። የክፍሉ የየዕለት ሪፖርትና የበረራ መዝገብ ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ ከዛ ይሰበሰባል፣ የመጨረሻ ደሞዝ የተከፈለበት ወረቀትም ይሠራል። ብዙዎቹ ደሞ ከጦርነት ሲመለሱ የስንብት ወረቀታቸውን በካውንቲያቸው (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) መዝገብ ቤት አስመዝግበዋል፣ የጋሼም የተገኘው እዛ ነው፣ ራሳቸው ማስመዝገባቸውን ረስተውታል። የዛን ጊዜው የስንብት ወረቀት አሁን የምታውቁት ዲዲ-214 የሚባለው ቅጽ አይደለም፣ ቁጥሩ 53-55 ነው፣ በዚህ ቁጥር ጠይቁ። ቅጹን የሚሞላላችሁ የወታደሮች ጉዳይ ሠራተኛ በየካውንቲው አለ፣ በነፃ ነው፣ ፐርሰንት ልውሰድ የሚል ሰው ከመጣ ሂድ በሉት። ወደ መዝገብ ቤቱ ስትሄዱ የሰውየውን መታወቂያና ልጅ ወይ ወኪል መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያዙ፣ ኮፒውን ማኅተም አስደርጉበት፣ ተራ ኮፒ ከሆነ መልሰው ነው የሚልኳችሁ።